ተጠሪ መሆን ታዛዥ መሆን አይደለም፦ ለምክር ቤት ተጠሪ በሆኑ ተቆጣጣሪ ተቋማት ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከልዩ ልዩ ምክር ቤቶች የመጡ ተመራጮችና የተቆጣጣሪ ተቋማት ባለሙያዎች በተገኙበት የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ፣ አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ተመራጭ እጃቸውን አውጥተው የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። «ኦዲተሩ ተጠሪነቱ ለእኛ ነው፤ ታዲያ ግኝቱን ይፋ ከማድረጉ በፊት ለምን አያሳየንም? የምናስተካክለው ነገር ይኖር ይሆናል እኮ» አሉ። ከአዳራሹ ግማሽ ያህሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ ሽበታም ኦዲተር ማይክሮፎኑን ተቀብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ክቡርነትዎ፣ የሚያስተካክሉት ቁጥሩን ነው ወይስ እኛን?» ብለው መለሱ። ሳቅ ሆነ፤ ወዲያው የሻይ ዕረፍት ተባለ፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ነው። በአገራችን የፌዴራል ዋና ኦዲተር፣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የእንባ ጠባቂ ተቋም፣ የምርጫ ቦርድ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እነዚህ ተቋማት የአስፈጻሚውን ሂሳብና ሥራ ሲመረምሩ ከማንም ትእዛዝ እንዳይቀበሉ ይፈለጋል፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ስለሆኑም እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት እንዲጠየቁ ይፈለጋል። ሁለቱ ፍላጎቶች በወረቀት ላይ ሲነበቡ የሚጋጩ ይመስላሉ። ከምክር ቤቶች ሥራ ጋር በቆየሁባቸው ዓመታት ያስተዋልኩት ግን ግጭቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጥቂት ተደጋጋሚ ስህተቶች መሆኑን ነው።

ተጠሪነትን ታዛዥነት አድርጎ መረዳት

ለዚህ ስህተት በሩን የከፈተው የራሳችን የቢሮ ቋንቋ ነው። በሥራ ቦታ «ተጠሪነቴ ለእገሌ ነው» ስንል እገሌ አለቃዬ ነው፣ ሥራ የሚያዘኝ፣ ፈቃድ የሚሰጠኝና የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላልኝ እሱ ነው ማለታችን ነው። «ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ይሆናል» የሚለው የአዋጅ ሐረግ በዚህ ጆሮ ሲሰማ፣ ቋሚ ኮሚቴው አለቃ፣ ዋና ኦዲተሩ ወይም ኮሚሽነሩ ደግሞ የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ይታያሉ። ሐረጉ የሚናገረው ግን ሪፖርቱ የሚቀርብለት፣ በጀቱን የሚያጸድቀው፣ የተቋሙን ኃላፊ የሚሾመውና በሕግ በተወሰነ ምክንያት የሚያሰናብተው አካል ማን እንደሆነ ነው። ምን እንደሚመረመር፣ በምን ዘዴ እንደሚመረመርና ከምርመራው ምን ድምዳሜ ላይ እንደሚደረስ መወሰን የተቋሙ የራሱ ነው።

እኔ በተግባር የምጠቀምበት መለያ ቀላል ነው። ከምክር ቤቱ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ድምዳሜው ከሆነ፣ ለምሳሌ «ይህን ግኝት ለምን ጻፋችሁ?» ወይም «ይህን አንቀጽ ትንሽ ብታለዝቡት ምን አለበት?» የሚል ከሆነ፣ ድንበር ታልፏል። ጥያቄው ስለ አሠራሩ ከሆነ፣ ማለትም ዕቅዱ በስጋት ትንተና ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ፣ አቤቱታ ያቀረበ ሰው በጊዜው መልስ አግኝቶ እንደሆነ፣ የተፈቀደው በጀት ለተፈቀደለት ሥራ ውሎ እንደሆነ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ምክር ቤቱ ጥያቄውን ባያነሳ ነው የሚወቀሰው።

በሁለቱ መካከል የሚወድቁ ጥያቄዎችም አሉ። «ያንን መሥሪያ ቤት ለምን አልመረመራችሁትም?» የሚለው ዋነኛው ነው። የመረጣው መስፈርት ምን እንደሆነ መጠየቅ የምክር ቤቱ መብት ነው፤ «ያንን ተዉት፣ ይህን መርምሩ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዞች ይህን ያቃለሉበት መንገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የብሔራዊ ኦዲት ሕጋቸው የኦዲቱን ኃላፊ የምክር ቤቱ ሹም አድርጎ ሲሰይም፣ ምን እንደሚመረምር የመወሰን ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴው የሚያቀርባቸውን ሐሳቦች ከግምት እንዲያስገባም ግዴታ ጥሎበታል። ኮሚቴው ይጠቁማል፣ ኦዲተሩ ይሰማል፣ ውሳኔው ግን የኦዲተሩ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ለተነሳው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ተጠሪነትን በመቀየር ብቻ ነፃነት እንደሚገኝ ማሰብም የዚሁ ስህተት ሌላ ገጽታ ነው። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ወደ ምክር ቤቱ ተዛወረ። ለውጡ በበጎ የሚታይ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. የመክሰስ ሥልጣኑ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ተጠሪነቱ የተቀየረው ተቋም ከቀድሞው በብዙ የተለየ ነበር። ስለዚህ አንድ ተቋም ለማን ተጠሪ እንደሆነ ከማወቅ ባሻገር፣ በእጁ የቀረለትን ሥልጣን መቁጠርም ያስፈልጋል።

ገለልተኛነትን ከመገለል ጋር ማምታታት

ቃሉ ራሱ ትንሽ ያሳስታል፤ ገለልተኛ ሲባል ገለል ያለ፣ ዳር የቆመ ሰው ነው የሚታየን። በዚህ ስሜት የሚሠሩ ኃላፊዎች ከቋሚ ኮሚቴዎች ጋር መገናኘትን፣ ለጋዜጠኛ ማብራሪያ መስጠትን፣ ከሲቪል ማኅበራት ጋር መወያየትን እንደ መነካካት ይቆጥሩታል። ገለልተኛነት የሚፈለገው በፍርድ ላይ ነው። ማንንም የማያነጋግር ተቋም በክፉ ቀን ጠበቃ አያገኝም፤ በጀቱ ሲቀነስ ወይም ኃላፊው ሲነካ «ለምን?» የሚል ሰው የሚኖረው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው።

ነፃነትን ከጥያቄ መሸሸጊያ ማድረግ

መጀመሪያ ያነሳሁት ስህተት ብዙውን ጊዜ ከፖለቲከኞች በኩል የሚመጣ ነው። ይህኛው ግን ከተቋማቱ ከራሳቸው ይመጣል፤ እኔም በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ወዳጆቼን የማስቀይመው እዚህ ላይ ነው። ስለ ግዥ ሲጠየቅ፣ ስለ ቅጥር ሲጠየቅ፣ ስለ ውጭ አገር ጉዞ ሲጠየቅ «ይህ ነፃነታችንን የሚጋፋ ነው» ብሎ የሚመልስ ኃላፊ ነፃነቱን የሚያጠፋው በገዛ እጁ ነው፤ ምክንያቱም በቁም ነገር ጣልቃ በተገባበት ቀን ያንኑ ቃል ሲናገር የሚያምነው አይኖርም።

የውጭው ዓለም ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በካናዳ የግል መረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ለፓርላማ ብቻ ተጠሪ የሆነ ሹም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጆርጅ ራድዋንስኪ የተባሉት ኮሚሽነር በጉዞና በመስተንግዶ ወጪያቸው የተነሳ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ጥያቄ ገጠማቸው፤ በሰኔ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ሼላ ፍሬዘር የመሥሪያ ቤቱን የገንዘብና የሰው ኃይል አስተዳደር ክፉኛ የሚተች ሪፖርት አወጡ። ኮሚሽነሩ በኋላ በወንጀል ተከሰው እ.ኤ.አ. በ2009 በነፃ ተሰናብተዋል። እኔን የሚስበኝ ከክሱ ይልቅ የጉዳዩ አካሄድ ነው፤ አንዱን የፓርላማ ሹም የመረመረው ሌላው የፓርላማ ሹም ነበር። አስፈጻሚው እጁን ሳያስገባ ተጠያቂነት ሊረጋገጥ ችሏል።

በእንግሊዝም የኦዲት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሰር ጆን ቦርን ለሃያ ዓመታት ያህል ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የጉዞና የግብዣ ወጪያቸው መነጋገሪያ ሆኖ፣ በቀጣዩ ዓመት ኃላፊነታቸውን ለቀዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ማሻሻያ ኃላፊው በድምዳሜው ላይ ያለውን ነፃነት ሳይነካ አስተዳደሩን አጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ የሥራ ዘመኑ ለአሥር ዓመት ብቻ እንዲሆንና እንዳይታደስ ተደረገ፤ ለመሥሪያ ቤቱም ከውጭ በመጣ ሰብሳቢ የሚመራ ቦርድ ተቋቋመለት። ቦርዱ ስትራቴጂውንና ሀብቱን ይከታተላል፤ የኦዲት ድምዳሜ ውስጥ ግን አይገባም። የተቋሙን የራሱን ሂሳብ የሚመረምር የውጭ ኦዲተርም በፓርላማው ኮሚሽን በኩል ይሾማል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 የሕዝብ ጠባቂዋ (የአገሪቱ እንባ ጠባቂ) የምትሰጠው የማስተካከያ ውሳኔ በፍርድ ቤት እስካልተሻረ ድረስ አስገዳጅ እንደሆነ፣ ፕሬዚዳንቱም ሆኑ ብሔራዊ ጉባኤው (የፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት) ችላ ሊሉት እንደማይችሉ ወሰነ። በዓለም ላይ ለተቆጣጣሪ ተቋማት ነፃነት ከተሰጡ ፍርዶች መካከል ጠንካራው ይህ ይመስለኛል። ሰባት ዓመት አልፎ፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ያው ብሔራዊ ጉባኤ በዚያው ወንበር ላይ ተተክተው የነበሩትን ቡሲሲዌ ምክዌባኔን ብቃት በማነስና በሥነ ምግባር ጉድለት ምክንያት እንዲነሱ በ318 ድምፅ ወሰነ። ውሳኔው ላይ የተደረሰው በገለልተኛ ቡድን ቅድመ ምርመራ፣ በልዩ ኮሚቴ ረጅም የምስክሮች መስማት ሂደትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሂደቱ ረጅም፣ ውድና አሰልቺ ነበር፤ እንዲያ መሆኑም ጥሩ ነው። የተቆጣጣሪ ተቋምን ኃላፊ ማንሳት ቀላል በሆነበት አገር ደፋር ሪፖርት የሚጽፍ አይገኝም፤ ማንሳት ፈጽሞ በማይቻልበት አገር ደግሞ ተቋሙ የአንድ ሰው ርስት ይሆናል።

ሕጉን አንብቦ ገንዘቡን መዘንጋት

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 101 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ብዙ አንባቢ ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት ቃል አለች። ዋናው ኦዲተር የመሥሪያ ቤቱን በጀት «በቀጥታ» ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ ያስጸድቃል ይላል። በቀጥታ የተባለው ኦዲተሩ ሂሳቡን የሚመረምርለት አካል የኦዲተሩን ኪስ እንዳይቆጣጠር ነው። ነገር ግን ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ቁጥር አስቀድሞ በአስፈጻሚው በተሰጠ የበጀት ጣሪያ የተገደበ ከሆነ፣ ያቺ ቃል በወረቀት ላይ ቀርታለች ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የከፍተኛ ኦዲት ተቋማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በሜክሲኮ ያጸደቀው መግለጫ ከስምንቱ መርሆዎች የመጨረሻውን ለገንዘብና ለአስተዳደር ነፃነት የሰጠው በከንቱ አይደለም። በኒው ዚላንድ የፓርላማ ሹማምንትን በጀት በአፈ ጉባኤው የሚመራ ኮሚቴ አይቶ ያቀርባል፤ በእንግሊዝ ይህን የሚሠራ የተለየ የፓርላማ ኮሚሽን አለ። ሁለቱም ዘንድ በጀት የሚጠይቀው ተቋም በአባላት ፊት ቀርቦ ለምን ያን ያህል እንዳስፈለገው ያስረዳል፤ ስለዚህ የበጀቱ መንገድ ነፃነትንም ተጠያቂነትንም በአንድ ጊዜ ያገለግላል።

ከበጀት ሰነዱ ወርዶ መሬት ላይ ያለውን ማየት ለሚፈልግ ግን የመስክ ጉዞን ማየት ይበቃል። በኦዲት ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፈ አንድ ወዳጄ አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ ያጫወተኝን ልጥቀስ። ወደ አንድ ክልል ለመስክ ኦዲት ሲላክ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ስላልነበረ የሚመረመረው ፕሮጀክት መኪናና ሾፌር ሰጠው። በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ ምሳ ከፈለ፤ ወዳጄ ተቃወመ። በሁለተኛው ቀን ሾፌሩ «ታዘናል ጋሼ» ብሎ እንደገና ከፈለ። በሦስተኛው ቀን ወዳጄ መጋዘኑን እንዲከፍቱለት ሲጠይቅ መኪናዋ «ተበላሸች»። ወዳጄ ይህን ሲያወራኝ ይስቅ ነበር፤ ሲኒውን አስቀምጦ ግን «ነፃነት ማለት ነዳጅ ነው» አለኝ። ከዚህ በላይ አላብራራም። የውሎ አበል፣ የተሽከርካሪና የደመወዝ ጥያቄዎች የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ተደርገው ሲታዩ፣ ጎበዝ ወጣት ኦዲተሮች ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተው ወደ ባንክ ወይም ወደ ግል ሂሳብ ምርመራ ድርጅት ይሄዳሉ፤ ተቋሙም ሁልጊዜ አዲስ ሰው ሲያሠለጥን ይኖራል።

ሹመትን የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት አድርጎ መውሰድ

በሕገ መንግሥቱ መሠረት ዋና ኦዲተሩ የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ነው። የሚመረመረው አስፈጻሚ ራስ መርማሪውን ማቅረቡ በሌሎችም አገሮች ያለ አሠራር ነው፤ ልዩነቱ በሚያጅበው ጥበቃ ላይ ነው። በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩውን የሚያቀርበው የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ በልማድ የተቃዋሚው ወገን አባል ነው። በእኛ አገር ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንን ባቋቋመው አዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቀመጠው መንገድ ከዚህ የሰፋ ነበር፤ ዕጩ የሚያቀርበው ኮሚቴ አፈ ጉባኤዎችን፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት፣ የተቃዋሚ ፓርቲ አባላትንና የሃይማኖት ተቋማት ተወካዮችን ያካተተ ነበር። በበኩሌ ኦዲተሩም በእንዲህ ያለ መንገድ ቢሾም እመርጣለሁ።

ከሹመቱ እኩል ትኩረት የሚያስፈልጋቸው ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንዱ የዳግም ሹመት ተስፋ ነው፤ ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረውና እንደገና መሾም የሚፈልግ ኃላፊ የመጨረሻውን ዓመት ሪፖርት በምን ልብ እንደሚጽፍ መገመት አያስቸግርም። ረጅምና የማይታደስ ዘመን የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ክፍት ወንበር ነው። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ ዋና ኮሚሽነር ዶክተር ዳንኤል በቀለ የአምስት ዓመት ዘመናቸው በ2016 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ተተኪያቸው የተሾሙት ወራት ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. ነው። ተጠባባቂ ኃላፊ የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን በውሰት ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው፤ ስለዚህ የፍለጋው ሥራ ዘመኑ ከማለቁ ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሞ እንዲጀመር በሕግ መደንገግ ይገባዋል።

የመልስ መብትን የመደራደር መብት ማድረግ

ማንኛውም ኦዲት በመውጫ ስብሰባ ይጠናቀቃል። ረቂቁ ለተመረመረው መሥሪያ ቤት ይሰጣል፣ ኃላፊዎቹ ማስረጃ ካላቸው ያቀርባሉ፣ ስህተት ካለ ይታረማል። ይህ የተጠያቂነት አካል ነው፤ ኦዲተርም ይሳሳታልና። እኔ በታዛቢነት በተገኘሁበት አንድ የመውጫ ስብሰባ ግን ነገሩ የገበያ መልክ ይዞ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ አንድ ወገን የሂሳብ ኃላፊው ረቂቁን በቢጫ ቀለም አስምሮ ይዟል፤ ለብዙ ዓመታት ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብን (ወጥቶ ያልተመለሰ ወይም ማስረጃ ያልቀረበለት ገንዘብን) የሚመለከት አንድ ግኝት ላይ ሲደርስ «ይቺን እንኳ ከዋናው ሪፖርት አውጡልንና ለኃላፊው በሚጻፈው ደብዳቤ ትለፍ፤ እኛም ሌሎቹን እንቀበላለን» አለ። ማስረጃ አላቀረበም፤ ዋጋ ነበር ያቀረበው። የኦዲት ቡድኑ መሪ «ደረሰኝ ካላችሁ አሁኑኑ እናየዋለን፤ ከሌለ መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡን፣ ቃል በቃል ከግኝቱ ሥር እናትመዋለን» አለች። ሰውየው ብዕሩን ከደነ።

ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው፤ አዲስ ማስረጃ ግኝትን ሊለውጥ ይችላል፣ የተመርማሪው ቅሬታ ግን ከግኝቱ ጎን ይታተማል እንጂ ግኝቱን አይለውጥም። እያንዳንዱ ከረቂቅ ወደ መጨረሻ ሪፖርት የተደረገ ለውጥም ምክንያቱ ተጽፎ በሥራ ወረቀቱ ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል። ያኔ በሌላ አገር አቻ ተቋም ባለሙያዎች የሚደረግ የጥራት ግምገማ ሲመጣ፣ ለውጡ በማስረጃ ይሁን በልመና መደረጉን ማየት ይቻላል። የሰብዓዊ መብት ተቋማትም ተመሳሳይ የውጭ መስተዋት አላቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ባጸደቃቸው የፓሪስ መርሆዎች መሠረት በዓለም አቀፍ ኅብረታቸው ይመዘናሉ። የእኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ምዘና «ኤ» የተባለውን ደረጃ አግኝቷል፤ ደረጃው ግን በየጊዜው ዳግም የሚታይ ነው።

ተቋሙን በቁጥር መለካት

«ይህን ያህል አቤቱታ ተቀብለን ይህን ያህሉን ፈታን» የሚል ሪፖርት ለመስማት ደስ ይላል። የእንባ ጠባቂ ሥራ ግን ስሙ እንደሚለው እንባ ነው፤ አንድ ውስብስብ አቤቱታ የአንድን መሥሪያ ቤት ብልሹ አሠራር ካስቀየረ በቀላሉ ከተዘጉ መቶ መዝገቦች ይበልጣል። በቁጥር ብቻ የሚጠየቅ ተቋም ቀላል ቀላሉን ይመርጣል። ምክር ቤቱ ሊጠይቅ የሚገባው ከቀረቡት ምክረ ሐሳቦች ምን ያህሉ እንደተፈጸሙ፣ ያልተፈጸሙትስ በማን እንደታገዱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነፃነትን የማስፈጸም ኃላፊነት ተሰጥቶታል። የሌላውን መዝገብ ክፈት የሚል ተቋም የራሱን የግዥ ዕቅድ፣ የቅጥር ማስታወቂያ ውጤትና ዓመታዊ ሂሳብ ሳይጠየቅ ቢያወጣ ከብዙ ጥርጣሬ ይድናል።

ምክር ቤቱን ከጥያቄው ውጭ ማድረግ

ተቆጣጣሪው ለምክር ቤቱ ተጠያቂ ነው ስንል ምክር ቤቱ ሥራውን ይሠራል ብለን እየገመትን ነው። በ2007ቱ ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫዎች ባሸነፉበት ጊዜ፣ ለምክር ቤቱ ተጠሪ መሆን ከአስፈጻሚው ነፃ መሆን ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይናገራል፤ ይህን ሥልጣን የሚያንቀሳቅሰው ግን በውስጡ የተለየ ድምፅ ሲኖር ነው። በስድስተኛው ዙር ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል መሰጠቱ በዚህ ረገድ ትክክለኛ ጅምር ነበር፤ እንዲህ ያለው አሠራር በሰው መለዋወጥ እንዳይቀር በምክር ቤቱ ደንብ ውስጥ ቢገባ ይሻላል።

ይፋዊ የኦዲት ውይይቶችን የተከታተለ ሰው የሚደጋገመውን መልስ ያውቀዋል፦ «ግኝቱን በገንቢነት ተቀብለነዋል፤ የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅተን ወደ ሥራ ገብተናል»። ይህ መልስ ሲሰጥ ኮሚቴው ቀን ካልቆረጠ፣ ማን እንደሚፈጽመው ካልጠየቀ፣ በተቆረጠው ቀን ካልተመለሰ፣ ያው ግኝት በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ገጽ ላይ ይመጣል። ያኔ «ኦዲተሩ ምን ፈየደ?» የሚል ወቀሳ ይሰማል፤ ጉድለቱ ግን የአድማጩ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ድርሻ አለው። ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን፣ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይብታል። የኦዲት ሪፖርት ሰኔ ውስጥ ከቀረበ የአዲሱ ዓመት በጀት በሚጸድቅበት ግርግር መካከል ይወድቃል፤ አባላቱም ክረምቱን ወደ የመረጣቸው ሕዝብ ይሄዳሉ። መስከረም ማለቂያ ላይ ሲመለሱ የተነቀፈው ኃላፊ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ሊገኝ ይችላል። ሪፖርቱ ቢዘገይ ሚያዝያ ላይ ቢደርስና ቋሚ ኮሚቴዎች የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት የበጀት ጥያቄ ሲያዩ የዚያኑ መሥሪያ ቤት የኦዲት ግኝት ጎን ለጎን ዘርግተው ቢያዩት፣ «ባለፈው ዓመት ያላወራረድከውን ሳታወራርድ ለምን እንጨምርልሃለን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።